ልጄ ለሁለት ዓመት ሴቡ ሊሄድብኝ ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበትክ ወንድሜ? በዕድሜ ታናሼ ሳትሆን አትቀርምና አንተ ብልህ ቅር አይበልህ። የምኖረው ዩታ፣ ዌስት ቫሊ ነው። የወሎ ሰው ነኝ። ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ ባለቤቴ የጭነት መኪና ይነዳል። ያለን አንድ ልጅ ነው፣ ዘንድሮ 18 ሞላው። ሃይስኩል እያለ ከጓደኞቹ ጋር የሞርሞኖቹ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመረ፣ ኋላም ተጠመቀ። አለቀስኩ፤ የንስሐ አባታችንም መከሩት፤ አልሆነም። አሁን ደግሞ «ለሁለት ዓመት ሚሽነሪ ሆኜ ፊሊፒንስ፣ ሴቡ ተመድቤያለሁ» አለኝ። ደሞዝ ይከፍሉታል? ምን ይበላል? ቢታመም ማን አለው? ድምፁንስ እሰማለሁ? አባቱ «አንዴ ከሄድክ ሳትጨርስ ብትመለስ እኔ ቤት እንዳትገባ» ብሎታል። እኔ ግን ልመርቀው ወይስ ልከልክለው ጨነቀኝ። ቡናዬን እንኳ መጠጣት ትቷል።
የልጁ እናት

መልስ፦ እትዬ፣ የመጽሔቱ ሰዎች ደብዳቤዎን ለእኔ የሰጡኝ አውቀው ነው። ጉለሌ ተወልጄ ዩታ ያደግኩ ነኝ። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ሚሽነሪ ሆኜ ያገለገልኩትም ሴቡ ነው። ዛሬ ነርስ ነኝ። የእኔም እናት ኦርቶዶክስ ናት። በሃይማኖቴ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ እሁድ እሁድ ግን ምሳ የምበላው እሷ ዘንድ ነው። ስለዚህ ላሳምንዎ ብዬ አይደለም የምጽፈው። የማውቀውን ልንገርዎ ብዬ ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። ደሞዝ የለውም። እንዲያውም ከፋዩ እሱ ነው። ከአሜሪካ የሚሄድ ወጣት ከ2020 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በወር 500 ዶላር ያዋጣል፤ ከዚያ በፊት 400 ነበር። ለሁለት ዓመት 12,000 ዶላር ማለት ነው። ጃፓንም ይመደብ ፊሊፒንስ፣ መዋጮው አንድ ነው። ብሩ አንድ ቋት ውስጥ ገብቶ እንደየአገሩ ኑሮ ይከፋፈላል። የቤት ኪራዩን ሚሽኑ፣ ማለትም የተመደበበት አካባቢ የሚሽነሪዎች ቢሮ፣ ይከፍላል፤ ለምግብና ለትራንስፖርት በየወሩ ይሰጠዋል። ብዙዎቹ ልጆች ከሃይስኩል ጀምረው ያጠራቅማሉ። እኔ ሱፐርማርኬት ውስጥ የሰው ዕቃ በከረጢት እየከተትኩ ነው ያጠራቀምኩት። የጎደለውን የአጥቢያችን ሰዎች ሞሉልኝ። እርስዎ ከሆቴል ደሞዝዎ ቆርሰው ይክፈሉ የሚል ሕግ የለም። ካልሞላለት ልጁ ራሱ ለቢሾፑ ይንገረው። ቢሾፕ የሚሉት የአጥቢያውን ኃላፊ ነው። እሱም ደሞዝ የለውም፤ ሰኞ ጠዋት ጥርስ ሲነቅል ወይም መኪና ሲሸጥ ሊያገኙት ይችላሉ።

ሴቡን የመረጠው ልጅዎ አይደለም። በዚህ አይውቀሱት። ማመልከቻውን ያስገባል፣ ሐኪምና ጥርስ ሐኪም ያዩታል፣ ከዚያ የት እንደሚሄድ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋና ጽሕፈት ቤት፣ ከሶልት ሌክ ሲቲ ይነገረዋል። በዓለም ላይ ከ70 ሺህ በላይ እንደሱ ያሉ ሚሽነሪዎች አሉ፤ አንዱ ብራዚል፣ አንዱ ጋና፣ አንዱ እዚሁ ቴክሳስ ይደርሰዋል። በእኔ ጊዜ ምደባው በትልቅ ነጭ ፖስታ ነበር የሚመጣው። እናቴ ፖስታውን ከመብራት ክፍያ ወረቀት ጋር አንድ ላይ አስቀምጣው፣ እኔ ሳብድ ዋልኩ። አሁን በኢንተርኔት ነው።

ቀኑ ይህን ይመስላል። በሐበሻ ሰዓት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል። ሰውነቱን ያፍታታል፣ ቁርስ ይበላል፣ መጽሐፍ ቅዱስና መጽሐፈ ሞርሞን ያነባል፣ ቋንቋ ያጠናል። ረፋዱ ላይ ይወጣል። ማታ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይገባል፤ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ይጠፋል። ከ2017 ወዲህ ሰዓቱን እንደየአገሩ ማሸጋሸግ ተፈቅዷል። ፊልም የለም። የሴት ጓደኛ የለም። ስልክ አለ፣ ግን ለሥራ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ፣ «የዝግጅት ቀን» ይባላል። ልብስ ያጥባል፣ አስቤዛ ይገዛል፣ ፀጉሩን ይቆረጣል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ለቤተሰቡ ይደውላል።

ፕሮግራሙ ላይ የማይጻፈው ሌላ ነው። ሴቡ ይሞቃል። እንደ አፋር ደረቅ ሙቀት አይምሰልዎ፣ እርጥብ ነው። ሸሚዙን ለብሶ በሩ ላይ ሳይደርስ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ጃንጥላ አይመክተውም። አውራ ዶሮ ገና ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ለማዋጋት የሚያረቧቸው ናቸው፤ በየጓሮው አንድ እግራቸውን ታስረው ይውላሉ። ማታ ደግሞ ጎረቤት ካራኦኬ ይከፍታል። ፊሊፒኖ ሲዘፍን አያፍርም፣ ድምፅ ቢኖረውም ባይኖረውም። ገላ መታጠብ በባልዲና በመቅጃ ነው። ጉለሌ ለተወለደ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። ከአይዳሆ የመጣው ባልደረባዬ ግን የመጀመሪያ ቀን ሻወሩን ሲፈልግ ቆየ፤ ባልዲው ላይ ቆሞ እየፈለገ።

በየሰፈሩ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ። ጥቁር፣ ረዘም ያለ ልጅ ካዩ ሕፃናቱ «ኤንቢኤ! ኤንቢኤ!» እያሉ ይከተሉታል። እኔ ኳስ ላይ የለሁበትም። ስጫወት ያየኝ ሰፈር በሙሉ አዘነልኝ። ልጅዎ ትንሽ ከቻለ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘመድ ያፈራል።

ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ በዚህ አይስጉ። በር አይዘጉም። ጫማ አውልቁ፣ ግቡ ይላሉ፤ ወንበር ካነሳቸው ከጎረቤት ያመጣሉ። ምግብ ላይ ከሆኑ መንገደኛውን ሁሉ «እንብላ» ይላሉ፣ ልክ እንደኛ። ችግሩ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። «ነገ ኑ» ይባላል። በነጋታው ልጅየው ወጥቶ «እማዬ የለችም» ይላል፤ የእማዬ እግር በመጋረጃው ሥር ይታያል። አውሮፓ ያገለገሉ ጓደኞቼ በር ፊታቸው ላይ ሲዘጋባቸው ነው የከረሙት። የቱ እንደሚሻል እንጃ። የተዘጋ በር ቢያንስ ቁርጥ ነው።

አብዛኛው ሰው ካቶሊክ ነው። ማጌላን በ1521 ሴቡ ሲደርስ ለአገሩ ገዢ ሚስት የሰጣት የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል እስከ ዛሬ አለ። በጃንዋሪ ሦስተኛው እሁድ ሲኑሎግ የሚባል በዓል ይከበርለታል፤ ከጥምቀት ጋር ወይ ይገጥማል ወይ በቀናት ይለያያል። ከበሮው ከሩቅ ሲሰማኝ እግሬ ጃንሜዳ የሚሄድ መስሎት ነበር። ልጅዎም ያን ሰሞን ሲደውል ዝም ዝም ቢል አይገረሙ።

ምግቡ ሩዝ ነው። ቁርስ ሩዝ፣ ምሳ ሩዝ፣ እራት ሩዝ። በኮኮነት ቅጠል ሽመና ውስጥ የሚቀቀል፣ ፑሶ የሚሉት ሩዝ አለ፤ ከመንገድ ዳር ገዝቶ በእጁ ይዞ ይበላዋል። የደረቀ ዓሣ አለ፤ ሽታው ያስጠላል፣ ጣዕሙ ይለመዳል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ብዙ ቤት የማሾ ወጥ ይሠራል፣ በተለይ ካቶሊኮቹ ከፋሲካ በፊት ሲጾሙ። የጾም ወጥ የናፈቀው ሐበሻ ዓርብን ይወዳታል። ባሉት የሚባለውንም ሌላ ሰው ከሚነግርዎ እኔ ልንገርዎ፤ ውስጡ ጫጩት መሆን የጀመረ የዳክዬ እንቁላል ነው፣ ተቀቅሎ የሚበላ። አዲስ ሚሽነሪ ሲመጣ አቅርበውለት ይስቃሉ። አይገድለውም።

ሻንጣው ውስጥ በርበሬና ሽሮ ይክተቱለት። ሽሮ አንድ ምድጃና አንድ ድስት ነው የሚፈልገው። የእኔ እናት በርበሬውን በላስቲክ ላይ ላስቲክ ጠቅልላ ካልሲ ውስጥ ነበር የደበቀችልኝ። ከቶንጋ የመጣ ባልደረባዬ ደረቅ ዓሣ ላይ ነስንሶ ቀመሰና እንባው ወረደ። ከዚያ በኋላ ልደብቅበት ነው የተቸገርኩት። ሱፍ ልብስ አያብዙለት። ነጭ ባለ አጭር እጅጌ ሸሚዝና ጥሩ ጫማ ነው ገንዘብ የሚወጣበት። ቀኑን ሙሉ በእግር ነው።

ስለ ሕመም እንደ ነርስ ላውራዎ። የሚያሰጋው በትንኝ የሚመጣው ደንጊ ነው። የትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዝ፣ አጎበር ካለ ይጠቀም። ትኩሳትና ከዓይን ኋላ የሚጀምር ራስ ምታት ከመጣበት «ያልፍልኛል» ሳይል ይናገር፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይውሰድ፣ ደም መፍሰስ ሊያባብሱበት ይችላሉ። ውሃ ከቧንቧ አይጠጣ፤ በየሰፈሩ የተጣራ ውሃ በትልልቅ ጀሪካን የሚሸጡ አሉ። በየሚሽኑ ለሦስት ዓመት የሚመደቡ ባልና ሚስት ኃላፊዎች አሉ፤ ልጅ ሲታመም ሆስፒታል የሚወስዱት፣ ወላጅ ጋር የሚደውሉትም እነሱ ናቸው። አውሎ ነፋስም አለ፣ አልዋሽዎትም። በኖቬምበር 2013 ያ ከባድ አውሎ ነፋስ ታክሎባን የምትባለውን የፊሊፒንስ ከተማ ሲያወድማት እዚያ የነበሩት ሚሽነሪዎች በሙሉ በሕይወት ተገኝተው ከከተማው ወጡ። በ2020 ኮሮና ሲመጣም የውጭዎቹን ልጆች ከፊሊፒንስ ወደየአገራቸው መለሷቸው።

አሁን ወዳልጠየቁኝ ነገር ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት እዚህ ለመድረስ ነው።

ሚሽነሪ ምንጊዜም ሁለት ነው። ልጅዎ ከማያውቀው ልጅ ጋር ይመደባል። አንድ ክፍል ይተኛሉ፣ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይገባሉ። ከሽንት ቤት በቀር ከባልደረባ ዓይን መራቅ የለም። በየስድስት ሳምንቱ ዝውውር ይመጣል። ባልደረባው ሊቀየር ይችላል፣ ከተማው ሊቀየር ይችላል፣ ወይም ደግሞ ያው ሰው ይቀጥላል። ለቶንጋው ልጅ ዛሬም በየበዓሉ እደውላለሁ። ሌላ ደግሞ ነበረኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አጠገቤ እየተራመደ ቃል የማይተነፍስ። የተጣላነው በሃይማኖት ጉዳይ እንዳይመስልዎ። በድስት ነው። ሩዝ የያዘበት ድስት ማን ይጠብ በሚል። ሰው ቤት ስንገባ ሁለታችንም ፈገግ እንላለን፣ ስለ ፍቅር እናስተምራለን፣ ስንወጣ ዝም።

እንግዲህ አስቡት፣ ዕድሜው 18 ነው። ቋንቋው ገና አፉ ላይ አልተላቀቀም። ለአንዲት ደቂቃ ብቻውን አይሆንም፣ ግን የልቡን የሚነግረው ሰው የለም። ከሞርሞን ቤተሰብ የመጣው ልጅ አባቱ፣ አጎቱ፣ ወንድሙ ሁሉ አገልግለዋል። «ደከመኝ» ሲል «እኔም ፔሩ እያለሁ እንዲሁ ነበርኩ፣ በሦስተኛው ወር ይለቅሃል» የሚለው አለው። የእርስዎና የእኔ እናት ልጆች ይህ የለንም። ለእናቱ «ከበደኝ» ካለ መልሱን ያውቀዋል፤ «አላልኩህም?» ነው። ስለዚህ አይልም። «ደህና ነኝ እማ፣ ሁሉ ጥሩ ነው» ይላል። ለአባቱ እንዳይናገር ደግሞ አባቱ በሩን አስቀድሞ ዘግቶታል። ለሚሽኑ ኃላፊ እንዳይናገር ደካማ እንዳይባል ይፈራል። ይህን ነው የምፈራለት። ደንጊውን አይደለም።

ባለቤትዎን ያነጋግሩልኝ። ክፉ አስበው እንዳልተናገሩ ይገባኛል፤ ወንድ ልጅ ጀምሮ አይተውም ብለው ነው። ግን ከጊዜው በፊት የሚመለስ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሰንፎ አይደለም። አንዱ ጉልበቱ ተጎድቶ ነው። አንዱ እንቅልፍ አጥቶ፣ ጭንቀቱ ልቡን እያስመታው ነው። አንዱ ደግሞ «ይህ ለእኔ አይደለም» ብሎ ነው፣ እሱም መብቱ ነው። ዩታ ውስጥ እንዲህ የተመለሱ ልጆችን አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው «መቼ መጣህ? አልቆ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ፈርተው ሳይወርዱ የሚመለሱ። ለነሱ ያ ጥያቄ ብቻውን ይበቃቸዋል፤ አባት ሊጨምርበት አይገባም። ልጁ ሳይሄድ፣ አየር ማረፊያ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ አባቱ ራሱ «ብትጨርስ ደስ ይለኛል፤ ካቃተህ ግን ቤትህ ነው፣ ና» ይበሉት። እንዲህ የተባለ ልጅ ቶሎ ይመለሳል ብለው ከፈሩ፣ እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። መመለሻ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ይታገሣል። ጤናው የማይፈቅድለት ደግሞ እዚሁ ቤቱ ሆኖ የምግብ ባንክም ሌላም ቦታ የሚያገለግልበት መንገድ አላቸው።

ድምፁን ይሰማሉ ወይ? እርስዎ ዕድለኛ ነዎት። በእኔ ጊዜ ስልክ በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር፤ በፈረንጅ ገናና በእናቶች ቀን። ለገና ደውዬ «እንኳን አደረሰሽ» ስላት እናቴ «ገና ገና ነው፣ ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። የእኛን ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው የምደውልላት፤ ሲደርስ ስልክ የለም። ከፌብሩዋሪ 2019 ጀምሮ ግን በየሳምንቱ መደወል ተፈቅዷል፣ በቪዲዮም። ሴቡ ከዩታ በ14 ወይም በ15 ሰዓት ይቀድማል። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲደውል እርስዎ ዘንድ እሁድ አመሻሹ ላይ ነው። የሆቴል ተረኛ እሁድ ማታ ከሆኑ ከወዲሁ ይቀይሩ።

ሲደውል «ስንት ሰው አጠመቅክ?» አይበሉት። እርስዎ ነገሩ ስለማያስደስትዎ አይሉትም ይሆናል፤ ባለቤትዎ ግን ለቀልድ ሊሉት ይችላሉ። ያን ቁጥር የሚጠይቀው ሌላ ሰው ሞልቷል። ስለ ባልደረባው ይጠይቁት። ስሙ ማነው፣ ከየት ነው፣ ያንኮራፋል ወይ፣ ድስቱን ማን ነው የሚያጥበው። ሲያማርር ዝም ብለው ያዳምጡ። «አላልኩህም» ምላስዎ ጫፍ ላይ ትመጣለች፣ አውቃለሁ፤ ይዋጧት። ሃይማኖቱን በስልክ አይከራከሩት። ለዚያ ሲመለስ ዕድሜ ልካችሁን ጊዜ አላችሁ። እኔና እናቴ ገና አልጨረስንም።

የወሎ ሰው ነኝ ስላሉኝ አንድ ነገር ልጨምር። በ77ቱ ረሃብ ጊዜ ይህ ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ምእመናኑን አንድ እሁድ እንዲጾሙ ጠየቀ። ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 27፣ 1985 መሆኑ ነው። የምግባቸውን ዋጋ እንዲሰጡ ነበር ጥያቄው፤ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ሁለት መሪዎቻቸው ኢትዮጵያ ድረስ ሄደው ሁኔታውን አዩ። ይህን የማነሳው ውለታ አለብዎት ለማለት አይደለም፤ እርዳታ ከብዙ ቦታ ነው የመጣው። ልጄ ጾም ረሳ ብለው ከሆነ የሚያዝኑት፣ አልረሳም ለማለት ነው። በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ ሁለት ማዕድ ይዘላሉ፣ ውሃም አይቀምሱም፣ የምግቡም ገንዘብ ለችግረኛ ይሄዳል። የእርስዎን ያህል አይጾምም፣ እሱ እውነት ነው። ሁዳዴን የሚያክል ማንም የለም።

ቡናውስ? ቡናና ሻይ፣ አልኮልና ትንባሆ ከ1833 ጀምሮ ባለ ትምህርት ነው የተከለከሉት። እናት ላይ የሚያርፈው ከሁሉ በላይ ቡናው ነው፤ መጠጡ ቀርቶ ልጇ የራቃት ይመስላታል። እንግዲህ ጀበና ዙሪያ መቀመጥ ክልክል ነው ያለ የለም። ይቁሉት፣ ያጭሱት፣ ፈንዲሻውን እሱ ይብላ። እኔ ቤት ቡና የምቆላው እኔ ነኝ። እናቴ «የማይጠጣ ሰው አያሳርርም» ትላለች።

ስለ ምርቃቱ፣ ይመርቁት። ልጁ 18 ዓመቱ ነው፤ ቢከለክሉትም ይሄዳል፣ ያኔ ሳይመረቅ መሄዱ ነው። የእናት ምርቃት ፊርማ አይደለም፤ የሱን ሃይማኖት ተቀበሉ ማለት አይሆንብዎትም። እናቴ አየር ማረፊያ ላይ፣ ያ ሁሉ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ ቆሞ እያየ፣ «እመብርሃን ትከተልህ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ጥያቄ፦ ሁለት ነጭ ሸሚዝና ከረባት ያደረጉ ልጆች በሬን ማንኳኳት አብዝተዋል፤ ጭራሽ በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ይዘው መጡ። የሥራ ባልደረባዬ «ሰላዮች ናቸው» ትላለች። ሳላስቀይም እንዴት ልገላገላቸው?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ሰላይ ስም ደረቱ ላይ ለጥፎ አይዞርም እህቴ። መጽሐፉ መጽሐፈ ሞርሞን ነው፣ በአማርኛ ተተርጉሟል። ካልፈለግሽ «አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ» በያቸው፤ ይበቃል። የሐበሻ ይሉኝታ ይዞሽ «ሌላ ቀን» ካልሽ ሌላ ቀን ይመጣሉ፣ እውነት ብለሽ መስሏቸው። ቤት ብቻሽን ከሆንሽ እንደማይገቡ እወቂ፤ ሕጋቸው አይፈቅድም። ቀዝቃዛ ውሃ ብትሰጫቸው ደስ ይላቸዋል፤ ሻይና ቡና ግን አታቅርቢ። ቤት ስትቀይሪ ሶፋ የሚያወጣልሽ ካጣሽም ጠይቂያቸው። በነጻ ነው፣ ሲያግዙም ደስ እያላቸው ነው። አንድ ነገር ደግሞ፣ «ሞርሞን» የሚለውን ስም ከ2018 ወዲህ መሪዎቻቸው እንዲቀር ጠይቀዋል፤ ሙሉ ስሙ «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ነው። ረጅም ስለሆነ እኔም እዚህ በአጭሩ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ዕድሜዬ 20 ነው። እውነቱን ንገረኝ፤ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ብገባ አሜሪካ ይልኩኛል?
ከመገናኛ

መልስ፦ አይልኩህም። ሚሽነሪ ለመሆን ከተጠመቅክ ቢያንስ አንድ ዓመት መሆን አለበት። ከዚያም የምትሄድበትን አገር አንተ አትመርጥም፤ ጎረቤት አገርም ሊሆን ይችላል። ሲያልቅ ወደመጣህበት ነው የምትመለሰው። እዚያ ሆነህ ሥራ መያዝ፣ ትምህርት ቤት መግባት፣ መቅረት የለም። ለሁለት ዓመት ያለ ደሞዝ፣ ያለ ሴት ጓደኛ፣ ያለ ማኪያቶ ትኖራለህ። አሜሪካን ፈልገህ ከሆነ መንገዱ ይህ አይደለም። እንግሊዝኛ መማር ፈልገህ ከሆነ ግን በብዙ አገር ሚሽነሪዎቹ በነጻ ያስተምራሉ፤ ለመማር መጠመቅ አይጠየቅም። አጠገብህ ካሉ ሄደህ ቀኑንና ሰዓቱን ጠይቅ።